ማንም «ወራጅ አለ?» ብሎ አይጠይቅዎትም፤ ወደ ፍራይቡርግ ለምትሄዱ

ባለፈው ዕትም በደቡብ ምዕራብ ጀርመን ስለምትገኘው ፍራይቡርግ ጥቂት ጽፌ ነበር። ከዚያ ወዲህ ከሰሜን ሸዋ ብቻ ብዙ ጥያቄ መጥቷል። ከተማዋ 230 ሺህ ገደማ ሕዝብ አላት። ዩኒቨርሲቲዋ በ1457 የተቆረቆረ ስለሆነ ልጆቻችን ለትምህርት ይሄዳሉ፣ ወላጅና ወንድም ደግሞ ሊጠይቃቸው ይከተላል። ዛሬ ከመጡት አራቱን መርጫለሁ። አንደኛው ረዘም ያለ መልስ ይፈልጋል፣ ሌሎቹ አጠር ይላሉ። የዓመትና የወር አቆጣጠሩ እንደ ፈረንጆቹ ነው፤ የእኛ ሲሆን እናገራለሁ።

ጥያቄ፦ «ልጄ ፍራይቡርግ ትማራለች። ለሐምሌ ጠርታኝ ቪዛዬ ወጥቷል። አውሮፕላኑ የሚያወርደኝ ፍራንክፈርት ነው። እሷ የዚያን ዕለት ፈተና ስላለባት መጥታ አትቀበለኝም፤ ፍራይቡርግ ባቡር ጣቢያ ግን ትጠብቀኛለች። ከአማርኛ ሌላ ቋንቋ አላውቅም፣ ጉልበቴንም ያመኛል። ሰው እየጠየቅሁ እደርሳለሁ ወይስ ይቅርብኝ? ቅቤና ቋንጣም ማዘጋጀት ጀምሬያለሁ።» እናት፣ ከደብረ ብርሃን ጠባሴ

መልስ፦ እናቴ፣ ይሂዱ። አይቅርብዎት። ግን «ሰው እየጠየቅሁ» የሚለውን ነገር እንተወው። እኛ አገር መንገደኛ የሚደርሰው በጆሮው ነው። መናኸሪያ ሲገቡ ረዳቱ «ሸዋሮቢት! ደብረ ሲና!» እያለ ይጠራል፣ ሻንጣዎን ይቀበላል፣ መውረጃዎ ሲደርስ «እማማ፣ እዚህ ነው» ይልዎታል። እዚያ ማንም አይጠራም። ሁሉም ነገር ተጽፏል፣ ሰዉም እያነበበ ዝም ብሎ ይሄዳል። ስለዚህ የእርስዎ ዝግጅት ከቤት ሳይወጡ የሚያልቅ የወረቀት ዝግጅት ነው፤ ይህንን ደግሞ ልጅዎ ትሠራዋለች።

ከሁሉ በፊት ዊልቸር ይጠየቅልዎ። ቲኬቱን የቆረጠላችሁ ሰው ለአየር መንገዱ ይደውልና «ጉልበቷን ያማታል፣ ዊልቸር ያስፈልጋታል» ይበል። ቢያንስ ከበረራው 48 ሰዓት በፊት መነገር አለበት። ይህ ፈጽሞ መራመድ ላቃተው ብቻ የተሠራ አይደለም፣ ረጅም መንገድ ለሚከብደው ሁሉ ነው። ገንዘብ አይከፈልበትም። ፍራንክፈርት በጣም ሰፊ አውሮፕላን ማረፊያ ነው፤ ከአውሮፕላኑ በር እስከ ሻንጣ መቀበያው ያለው መንገድ የጤነኛ ጉልበትም ያደክማል። ዊልቸሩን የሚገፋው ሠራተኛ ፓስፖርት ማስመቻው ድረስ ይወስድዎታል፣ ሻንጣዎንም አብሮ ይፈልጋል። ቋንቋ ለማያውቅ ሰው ከዚህ የተሻለ መሪ የለም። ብዙ እናቶቻችን ሰው ይታዘበኛል ብለው ይተዉታል። ማንም አይታዘብም፣ እባክዎ አይተዉት።

ፓስፖርት ማስመቻው ላይ የጣት አሻራና የፊት ፎቶ ይወስዳሉ። የት እንደሚያርፉ፣ ስንት ቀን እንደሚቆዩና መቼ እንደሚመለሱ ሊጠይቁዎት ይችላሉ። የግብዣ ደብዳቤው፣ የደርሶ መልስ ቲኬቱ፣ የጤና ኢንሹራንሱና የልጅዎ አድራሻ በእጅ ቦርሳዎ ይሁኑ። በትልቁ ሻንጣ ውስጥ ከሆኑ ሻንጣው የሚገኘው ከፓስፖርቱ በኋላ ነው፣ አይጠቅሙዎትም። የሚወስዱት መድኃኒት ካለም እንደ ማሸጊያው፣ ከሐኪም ወረቀቱ ጋር፣ በእጅ ይያዙት።

አሁን ወደ ባቡሩ። አንድ ነገር ልብ ይበሉ፤ በፍራንክፈርት አውሮፕላን ማረፊያ ሁለት የባቡር ጣቢያዎች አሉ። አንደኛው ከተርሚናል 1 ሥር ያለው የአካባቢ ባቡሮች የሚነሱበት ነው። የእርስዎ ባቡር የሚነሳው ከሌላው፣ ከረጅም ርቀት ጣቢያው ነው፤ ጀርመኖች «ፈርንባንሆፍ» ይሉታል። ልጅዎ ይህንን ቃል በትልቁ በላቲን ፊደል ትጻፍልዎና ለዊልቸር ገፊው ወይም ዩኒፎርም ለለበሰ ሠራተኛ ያሳዩት። መናገር አይጠበቅብዎትም፣ ወረቀቱ ይናገራል።

ፍራይቡርግ የሚሄደው ፈጣኑ ባቡር ኢሴኤ (ICE) ይባላል፤ ሁለት ሰዓት ገደማ ይፈጃል። እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚደናገርበት ነገር አለ። ሰሌዳው ላይ በትልቁ የሚጻፈው የባቡሩ መጨረሻ ነው። ቀጥታ የሚሄዱት አብዛኞቹ ፍራይቡርግን አልፈው ስዊዘርላንድ ይገባሉ፣ ስለዚህ ሰሌዳው «ባዝል» ወይም የሌላ የስዊዘርላንድ ከተማ ስም ይላል። ፍራይቡርግን ሲፈልጉ ባዝል ቢያዩ አይደንግጡ። የባቡሩን ቁጥር ከቲኬቱ ጋር ያስተያዩ፤ ቁጥሩ ከገጠመ ባቡርዎ ነው። «ግላይስ» ከሚለው ቃል አጠገብ ያለው ቁጥር ደግሞ የቆሙበት ሐዲድ ነው። ልጅዎ መቀየሪያ የሌለው ቀጥታ ባቡር ትቁረጥልዎ። ማንሃይም ወይም ካርልስሩኸ ላይ ወርደው ሌላ የሚይዙበት ርካሽ ቲኬት ሊኖር ይችላል፣ ለእርስዎ ግን አይሆንም።

ስለ ቲኬቱ ዓይነት ለልጅዎ ልንገራት። እህቴ፣ ርካሹ «ሽፓርፕራይስ» ለአንድ ባቡር ብቻ የተቆረጠ ነው። አውሮፕላኑ ቢዘገይ ወይም የፓስፖርቱ ሰልፍ ቢረዝም ያ ባቡር ያመልጣል፣ ቲኬቱም አብሮ ይሄዳል። ለእናትሽ በዕለቱ በየትኛውም ባቡር የሚያስኬደውን «ፍሌክስፕራይስ» ግዢ። ወደድ ይላል፣ ግን እናትሽ ከጣቢያው ወንበር ላይ ምን ላድርግ ብላ እንዳትጨነቅ ያደርጋታል። የመቀመጫ ቁጥርም ለብቻው አስይዢላት፤ ቲኬት መግዛት ብቻውን ወንበር አያስይዝም። የጀርመን ባቡር ድርጅት ደግሞ ጉልበት ለሚያማቸው መንገደኞች ሐዲዱ ላይ ተቀብሎ የሚያሳፍርና የሚያወርድ አገልግሎት አለው። አስቀድመሽ ደውለሽ አስመዝግቢያት።

እርስዎ ሐዲዱ ላይ ሲደርሱ ከላይ የተሰቀሉ ፊደላት ያያሉ፦ ኤ፣ ቢ፣ ሲ እያለ ይቀጥላል። ባቡሩ በጣም ረጅም ስለሆነ የእርስዎ ፉርጎ በየትኛው ፊደል ሥር እንደሚቆም ሰሌዳው ያሳያል። በዚያ ፊደል ሥር ይቁሙ፤ ባቡሩ የሚቆመው ለጥቂት ደቂቃ ነው፣ ሻንጣ እየጎተቱ መሮጥ አይኖርብዎትም። ከገቡ በኋላ ስክሪኑ ቀጣዩን ጣቢያ ይጽፋል። ካርልስሩኸን ካለፉ አንድ ሰዓት ገደማ ይቀርዎታል። ስክሪኑ ላይ ፍራይቡርግ የሚለው ሲመጣ ሻንጣዎን ይዘው በሩ ጋ ይቅረቡ። ካለፈዎት ባዝል ነው የሚወርዱት፤ እንደዚያ ከሆነም የዓለም መጨረሻ አይደለም፣ የሚመለስ ባቡር ብዙ ነው። ልጅዎም የፉርጎውን ቁጥር ካወቀች ከበሩ ፊት ለፊት ቆማ ታገኝዎታለች።

ሰዓቱን ግን አደራ። ቲኬቱ ላይ ያለው በጀርመን ሰዓት ነው። ሐምሌ ላይ ከእኛ አንድ ሰዓት ወደኋላ ነው፣ በክረምታቸው ደግሞ ሁለት ሰዓት። በዚያ ላይ አቆጣጠሩ እስከ 24 ይሄዳል። 9:30 ካለ ከጠዋቱ 3 ሰዓት ተኩል ነው፤ 14:05 ካለ ከቀኑ 8 ሰዓት ከ5 ነው። ለቀን 6 ይቀንሱ፣ ከ19 ጀምሮ ላለው 18 ይቀንሱ፤ 20:00 የምሽቱ 2 ሰዓት ማለት ነው። ቀኑም መጀመሪያ ዕለቱ፣ ቀጥሎ ወሩ ነው። 05.07 ሲል ጁላይ 5 ነው፣ በእኛ ሰኔ 28። ልጅዎ ከቲኬቱ ጎን በአማርኛ ሰዓትና ቀን ትጻፍልዎ። ቲኬትና ቪዛ ይዞ በሰዓት ስህተት የሚቀር ሰው አለ፣ በጣም ያሳዝናል።

ስለ ስንቁ። ቅቤውንና ቋንጣውን ይተዉት፣ ልብ ቢያምም። ከአውሮፓ ኅብረት ውጭ የሚመጣ ሥጋና የወተት ተዋጽኦ በመንገደኛ ሻንጣ መግባት ፈጽሞ ክልክል ነው። አይብም፣ በቅቤ የታሸ ጭኮም እንዲሁ። ቢያገኙት ይወስዱታል፣ ሊያስቀጡዎትም ይችላሉ። በርበሬ፣ ሽሮ፣ በሶ፣ ቆሎ፣ የጤፍ ዱቄት ይሂድ። ልጅዎ ቅቤውን እዚያው ገዝታ ኮረሪማና ኮሰረት ከእርስዎ ተቀብላ ታነጥረዋለች፤ ሽታው ያው የቤት ሽታ ይሆናል። ማር እስከ ሁለት ኪሎ ይፈቀዳል፤ በትልቁ ሻንጣ ግን፣ በእጅ ሻንጣ እንደ ፈሳሽ ይቆጠራል። የደብረ ብርሃን አረቄ ለአንድ ሰው አንድ ሊትር ነው። ባናና ብርድ ልብስ አይሸከሙ። ፍራይቡርግ ከባሕር ወለል በላይ 280 ሜትር እንኳ አትሞላም፣ በጀርመን ከሚሞቁት ከተሞች አንዷ ናት፤ ሐምሌ ላይ ከ30 ዲግሪ በላይ የሚደርስበት ቀን አለ። ለደብረ ብርሃን ሰው የሚከብደው ሙቀቱ ነው። ስስ ቀሚስና ነጠላ ይበቃዎታል። የቧንቧው ውኃ ይጠጣል።

ከደረሱ በኋላ። ልጅዎ ቮባን በሚባለው ሰፈር እንደምትኖር ጽፈዋል። ደግ ሰፈር ነው፤ እስከ 1992 የፈረንሳይ ጦር ሰፈር ነበር፣ አሁን በአብዛኛው መንገዱ መኪና የማይቆምበትና ልጆች የሚጫወቱበት ሆኗል። ከባቡር ጣቢያው ትራም 3 ቀጥታ ያደርሳል። የትራሙ ፌርማታ ከሐዲዶቹ በላይ በተሠራው ድልድይ ላይ ነው፣ ከታች በሊፍት ይወጣሉ። ሁለት 3 ቁጥር አለ፤ አንዱ ቮባን፣ ሌላው ሃይድ ይላል። ሃይድ የሚለው ወደ ሌላኛው አቅጣጫ ነው። ቁጥሩን ብቻ አይተው አይሳፈሩ፣ ስሙንም ይዩ። ልጅዎ ትምህርት ስትሄድ ብቻዎን መውጣትዎ አይቀርም፣ እኔም እንዲወጡ እፈልጋለሁ፤ ወር ሙሉ አንድ ክፍል ውስጥ መቀመጥ ያስጨንቃል። የትራሙ በር በራሱ ካልተከፈተ አዝራሩን ይጫኑ። ለመውረድም አዝራር አለ። «ወራጅ አለ» ቢሉ ሰዉ ዞሮ ያይዎታል እንጂ ሾፌሩ አይሰማም። አብዛኞቹ ትራሞች ወለላቸው ዝቅ ያለ ስለሆነ ጉልበትዎን ብዙ አያስቸግሩም።

አንድ ነገር ብቻ ይጠንቀቁ። በአሮጌው ከተማ መንገዶች ዳር «ቤሕሌ» የሚባሉ ጠባብ የውኃ ቦዮች ይፈስሳሉ። ከመካከለኛው ዘመን ጀምሮ ያሉ ናቸው፣ ያምራሉ፣ ግን ክዳን የላቸውም። ዓይንዎ ሱቅ ላይ ከሆነ እግርዎ ይገባል፤ ለጉልበት ሕመምተኛ ቀልድ አይደለም። የከተማው ሰው ሳታስበው ቦዩ ውስጥ የገባች ልጅ የፍራይቡርግ ሰው ታገባለች ይላል፣ ይህንን ለልጅዎ ይንገሯት።

ጥያቄ፦ «ለሁለት ወር ሥልጠና ወደዚያው ከተማ እሄዳለሁ። ገንዘቤ ውስን ነው። በየቀኑ ትራም ብይዝ ስንት ይፈጃል? ቲኬት የሚቆርጥ ካላዩ መክፈል ግዴታ ነው ወይ?» ወጣት፣ ከሸዋሮቢት

መልስ፦ ወንድሜ፣ ሁለተኛውን ጥያቄህን በመጀመሪያ ልመልስ። ግዴታ ነው። መግቢያ ላይ የሚያግድህ በር ወይም ረዳት የለም፣ ማንም አይጠይቅህም፣ ይህ ደግሞ ብዙ ሰው ያሳስታል። ተቆጣጣሪዎቹ ተራ ልብስ ለብሰው ሊገቡ ይችላሉ። ያለ ቲኬት ከተገኘህ 60 ዩሮ ነው፣ «አላወቅሁም» የሚለው አይሰማም። አንዳንዱ ቲኬት ሰዓት ታትሞበት ይወጣል፣ አንዳንዱ ግን ሰዓት ማተሚያው ማሽን ውስጥ መግባት አለበት። ያልታተመ ቲኬት እንዳልተገዛ ነው የሚቆጠረው። ይህንን ፍርሃት ለማስቀረት የሚሻለው የወር ቲኬቱ ነው።

«ዶይቸላንድቲኬት» ይባላል። ከጃንዋሪ 2026 ጀምሮ በወር 63 ዩሮ ነው። በመላ ጀርመን የከተማ አውቶቡስ፣ ትራምና የአካባቢ ባቡር ሁሉ ይሠራል፤ ፈጣኑ ኢሴኤ ግን አይካተትም። አንድ መንገድ ወደ 3 ዩሮ ገደማ ስለሆነ ሥልጠና ደርሶ መልስ የሚሄድ ሰው ወሩ ሳያልቅ ያተርፍበታል። ግን ውል ነው፤ ካላቋረጥከው በየወሩ ይቀጥላል፣ ይቆርጥብሃል። ለማቋረጥ እስከ ወሩ 10 ድረስ ማሳወቅ አለብህ። በገዛኸው ዕለት በስልክህ ማስታወሻ ሙላበት።

ብስክሌት ከወደድክ ደግሞ ፍራይቡርግ የብስክሌት ከተማ ናት። እግረኛ ሆነህ ግን ከብስክሌቱ መንገድ ላይ ራቅ፤ በፍጥነት ነው የሚመጡት። ማቋረጫ ላይ ቀይ ሲበራ መኪና ባይኖርም ሰው ቆሞ ይጠብቃል፣ በተለይ ሕፃን ልጅ አጠገብ ካለ አንተም ቁም።

ቅዳሜ ነፃ ከሆንክ ሻውኢንስላንድ ተራራ ውጣ። ትራም 2 ይዘህ ጉንተርስታል መጨረሻው ላይ ትወርዳለህ፣ ከዚያ አውቶቡስ 21 የኬብል መኪናው ሥር ያደርስሃል። በ1930 ነው ሥራ የጀመረው፣ 3.6 ኪሎ ሜትር ይረዝማል። ጫፉ 1,284 ሜትር ነው። ለእነሱ በረዶ የሚወርድበት ትልቅ ተራራ ነው፤ የአንተ ሸዋሮቢት ቆላ ሆና ከፍታዋ ከዚሁ ጋር ይቀራረባል። አየሩ ግን የአንኮበር ነው፣ ጃኬት ያዝ።

ጥያቄ፦ «ወንድሜ ሊጋብዘኝ ነው። አንድ ሰው በ150 ሺህ ብር ቪዛውን አስጨርስልሃለሁ አለኝ። ልስጠው?» ከመሐል ሜዳ

መልስ፦ አትስጠው። ቪዛውን የሚሰጠው የጀርመን መንግሥት ነው፣ በመሃል ሆኖ «አስጨርሳለሁ» የሚል ሰው የሚሸጠው ነገር የለውም። ለአጭር ጊዜ ጉብኝት የሚሰጠው የሼንገን ቪዛ ማመልከቻ 90 ዩሮ ነው፤ ቢከለከልም አይመለስም። ከዚያ ሌላ ቢያንስ 30 ሺህ ዩሮ የሚሸፍን የጉዞ ጤና ኢንሹራንስ ያስፈልጋል። ወንድምህ ደግሞ እሱ በሚኖርበት ከተማ የውጭ ዜጎች ጉዳይ ቢሮ ቀርቦ ወጪህን እንደሚችል ይፈርማል፤ ዋናውን ሰነድ በፖስታ ይልክልሃል። ያ ወረቀት ከደላላው ሁሉ ይበልጣል። ከጉዞው ስድስት ወር በፊት ማመልከት ይቻላልና አታዘግየው፣ ቀጠሮ ወረፋ አለው። በተረፈ የራስህን ነገር በሐቅ አሳይ፦ ሥራህን፣ መሬትህን፣ ቤተሰብህን፣ የባንክ ደብተርህን። ተመልሶ ይመጣል ወይ የሚለውን ነው የሚያዩት። ሐሰተኛ ሰነድ አንድ ጊዜ ከተገኘ የሚቀጥለውንም ጊዜ ያበላሽብሃል። ለቀጠሮውም ሆነ ለበረራው አንድ ቀን ቀድመህ አዲስ አበባ ግባ፤ የእኛ መንገድ የሚሆነው አይታወቅም።

ጥያቄ፦ «ባለቤቴ ነሐሴን እዚያው ፍራይቡርግ ነው የምታሳልፈው። ፍልሰታን ትጾማለች። የጾም ምግብ ታገኛለች ወይ?» ከደብረ ሲና

መልስ፦ በደንብ ታገኛለች። የእንስሳ ተዋጽኦ የሌለበትን ምግብ «ቪጋን» ብለው በማሸጊያው ላይ ይጽፉበታል፤ ብዙ ጊዜ አረንጓዴ ምልክት አለው። ወተቱ፣ ቂጣው፣ ብስኩቱ ሳይቀር በዚህ ዓይነት አለ። ምስርና ሽምብራ ከየሱፐርማርኬቱ ትገዛለች። ዳቦ ስትገዛ ግን ትጠይቅ፣ አንዳንዱ ወተት አለበት። አትክልት ከፈለገች በትልቁ ካቴድራል፣ በሙንስተር ዙሪያ ከእሑድ በስተቀር በየቀኑ ጠዋት ጠዋት ገበያ ይቆማል፤ የገበሬው የራሱ ምርት አንድ ወገን ይሸጣል። ቀና ብላ ማማውንም ትይ፤ 116 ሜትር ነው። በኖቬምበር 1944 የቦምብ ድብደባ አካባቢው ሁሉ ሲፈርስ እሱ ቆሞ ቀርቷል። እዚያው ገበያ ላይ የሚሸተው ረጅሙ ቀይ ቋሊማ ሥጋ ነው፣ ለጾም አይሆንም።

እሑድ ሱቅና ሱፐርማርኬት ዝግ ነው፤ የሚያስፈልጋትን ሁሉ ቅዳሜ ገዝታ ትግባ። ባዶ የፕላስቲክ ጠርሙስም አትጣል፤ ሱፐርማርኬቱ ካለው ማሽን ውስጥ ስትከተው 25 ሳንቲም ይመልስላታል።